የሳይራጉል አፕሪኮት ድንበር ተሻገረ

የባትከኗ ገበሬ ሳይራጉል የጫነችው የአፕሪኮት ፍሬ ሳይበሰብስ ከዚያች ቀን የሚያልፍ አልነበረም። አምና ውርጭ ጠራርጎ የበላባት ሴት ናት። የዘንድሮው ደግሞ ከቀትር በፊት ድንበሩን ተሻግሮ ማዶ አገር ፌርጋና ገበያ ካልገባ፣ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ደግነቱ ሁለቱ መንግሥታት "የቀጠናዊ ትስስር በር" ያሉትን የሚመርቁት በዚያው ቀን ሆነና፣ ያለቀረጥ የምታልፈው የመጀመሪያዋ መኪና እንድትሆን የእሷ አሮጌ ካሚዮን ተመረጠች። ሪባን አሰሩላት፣ አበባ ሰኩላት። ሙሽራ አስመሰሏት እኮ!

የመግቢያ ፈቃዷ ላይ ማኅተም ተመታና የድንበሩን መስመር አለፈች። ካሜራው ግን ለካ የቀረጸው ሚኒስትሩን ሲያስነጥሱ ኖሯል።

"ኤጄ፣ እህት ዓለም፣ በሞቴ ተመለሺልን፤ አንዴ ብቻ!" አላት የምረቃው አስተባባሪ።

ተመለሰች፣ ደግማ አለፈች። አሁንም የማዶው ሹም ፀሐዩ ምስሉ ላይ ፊቴን አጠቆረው ብለው አስመለሷት። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። "አንድ ሕዝብ፣ አንድ ገበያ!" አሉ ሚኒስትሩ። ንግግር እንደሆነ ቀረጥ የለበት፣ እንደ ልባቸው አራገፉት። ቀትር አለፈ።

በመጨረሻ ሞተሯን ስታስነሳ የማዶው ወታደር እጁን ዘረጋ።

"ፈቃድ?"

"አንተው አይደለህ ጠዋት ማኅተም የመታህበት!"

"እሱማ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ገብተሻል፣ ወጥተሻል፤ አለቀ።"

"ለፎቶ ነዋ ያመላለሳችሁኝ! ጤናም የላችሁ?"

"እኔ ምን ላድርግ እናቴ? አዲስ አመልክቺ፤ በወሩ ይደርስልሻል።"

"በወሩ? እስከዚያ ዝንብ ይነግድበት?"

ደሟ ፈልቶ አስተባባሪውን በኮቱ ያዘችው። እሱ እቴ! ፊቱ በራ።

"ከሚበሰብስማ ኤጄ፣ ለማዶ እንግዶቻችን ስጦታ ይሁን! ስምሽን አስጠራልሻለሁ።"

መልሷ ሳይጠበቅ የአፕሪኮቱ ሣጥኖች ወርደው የማዶዎቹ ሹማምንት ጥቋቁር መኪኖች ኋላ ውስጥ ገቡ። መኪኖቹ ወደ ፌርጋና ተከታትለው ሲያልፉ ያ ወታደር ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ፈቃድ የሚባል ነገር አልተነሳም።

ባዶ ካሚዮኗን ይዛ ስትመለስ ራዲዮው "የገበሬዎቻችን አፕሪኮት ዛሬ ያለ አንዳች እንቅፋት ፌርጋና ገብቷል" አለ። ምኑን ውሸት ነው ትበል? ራዲዮውን ዘጋችና እያለቀሰች ወደ ቤቷ ነዳች።