ከአባባ አልጋ ስር ያለው ኩሬ

እና ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው፣ ውሃ ምን ሰው ገደለ፣ ይላል በሆዱ፣ ሆዱ ደግሞ ክፉ ነው፣ ገደለ እንጂ፣ ያውልህ አልጋው ላይ ተቀምጠው በሀፍረት በቁማቸው የሞቱት የሚስትህ አባት፣ ይለዋል፣ ዝም በል አንተ ሆድ፣ ለምሳ ብቻ ነው የምፈልግህ።

በሩ ላይ ቆሟል። የሚስቱ እናት ጎንበስ ብለው ከሽማግሌው አልጋ ስር በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ባልዲው ሞላ፣ ይኸ ሁሉ ሽንት ከአንድ ሽማግሌ? ግመል እንኳ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ ይኸን አያመጣም፣ ዳክዬ ቢለቁበት ይዋኝበታል። አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም? ይላሉ እማማ። ሽታ እኮ የለውም፣ ትላለች ሚስቱ። ሽማግሌ ሲሆኑ ሽታውም ያልቃል ልጄ፣ ይላሉ እማማ። ሰማህ? ሳይንስ ሁሉ ተገኘለት፣ ሰው ለውሸት ይኸን ያህል ይደክማል፣ አንተ ለእውነቱ አንድ ቃል ከበደህ።

ማሞቂያው። አባባን ብርድ እንዳይነካቸው ብሎ በገዛ እጁ ነው የገጠመው፣ ከራስጌያቸው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥን የሚያህል ማሽን፣ ሙቀት ከአየር ላይ እንደ እህል ለቅማ የምታመጣ፣ ስትለቅም ደግሞ የሚያልባት፣ ሥራ ነዋ። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነበር፣ የምትተነፍስበት ቀዳዳና ላቧ የሚወርድበት ቧንቧ። መመሪያው ላይ ተስሏል፣ ሥዕል ለሕፃን ነው ብሎ አጠፈው። ቀዳዳውን ሚስቱ የቁም ሳጥኑን በር ያስጠላል አለች፣ እሺ የኔ እመቤት፣ ደፈነው፣ ታፈነች፣ የታፈነ ይብሱን ያልበዋል፣ ይኸው እሱንም ያልበዋል፣ ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ማንም አይጠርግለትም።

ቧንቧው ግን፣ ወይ ቧንቧው። ዕድሜውን በሙሉ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፣ ሰፈሩ ውሃ ልክ ይለዋል፣ ያቺን ባለ አረፋ መለኪያ ከእጁ አይለያትም፣ ትራሱን ሳይለካ አይተኛም እያሉ ያሙታል፣ ሐሜት ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የለካው። እና ቧንቧውን አጋደመ፣ ለካ፣ አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች እንደ ሙሽራ፣ ልክ! አለ፣ አባባም ከአልጋቸው ሆነው ልክ ነው፣ እጅህ ይባረክ አሉት፣ መረቁት እኮ። ውሃ ግን ልክ አይወድም። ውሃ የሚወደው ዝቅዝቁን ነው፣ ይኸን ፍየል ታውቃለች፣ ወለል ይቃናል፣ ቧንቧ ያዘቀዝቃል። ላቡ ቧንቧው ውስጥ ተጋድሞ ወዴት ልሂድ ወዴት ልሂድ ሲል ቆየና ወደ መጣበት ተመለሰ፣ በግድግዳው ተንሸራቶ አልጋ ስር ገባ። ልክ መሆኑ ነው ስህተቱ፣ ሂድና ይኸን ለሰው አስረዳ።

ትናንት አወቀ። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ጣቱን ከስር ሰደደ፣ ጠብ፣ ጠብ። ዘጋው። ለምን ዘጋህ? ይስቁብኛላ፣ ውሃ ልክን ውሃ ልኩ አሰጠመው ይሉኛላ፣ አባባ ሲወጡ ጠብቄ በዝምታ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነዋ። እሳቸው የት ይወጣሉ፣ አፍረው ደጅ መውጣት ከተዉ ሰነበቱ፣ ሻይም ሆነ ውሃ ከጠጡ እንጃ፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ አንተ ጨካኝ፣ ከንፈራቸው ደርቆ አልጋቸው ስር ኩሬ።

በቃ፣ ይላሉ እማማ ባልዲውን አንስተው፣ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ቤት ይተኛል፣ ሲሚንቶ ነው፣ ለመጥረግ ይመቻል።

አባባ አይከራከሩም። ብርድ ልብሱን ያጥፋሉ፣ ማዕዘኑን ከማዕዘን እያገጣጠሙ፣ እንደ እንግዳ። ምነው ቢሳደቡ፣ ምነው ባልዲውን በእግራቸው ቢገለብጡት። ቀና ብለው ያዩታል። ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ ያነጠፍከውን ወለል አበላሸሁብህ።

ኧረ መሬት ተከፈቺ፣ አትከፈትም፣ ራሱ ነው ያነጠፋት፣ ጥብቅ አድርጎ።

አባባ፣ እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ፣ ይላል አፉ፣ ሳያስፈቅደው።

አንተ? ሚስቱ ናት። አንተ ነህ እየመጣህ አባቴ አልጋ ስር...? ጨርቁ ከእማማ እጅ ወደቀ፣ በስመ አብ! እና ይኸ ቅሌታም፣ በዚህች ቅጽበት እንኳ፣ የቱ ይሻለኛል ብሎ ያሰላል፣ ሽንታም መባል ወይስ ቧንቧ አበላሸ መባል፣ ሽንታም ይሻላል ሊል ምንም አልቀረው፣ ሽንት ሙያ አይደለም።

ቧንቧው ነው፣ ይላል። የገጠምኩት እኔ፣ ማዘቅዘቅ ነበረበት፣ ውሃው ተመልሶ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አውቄያለሁ፣ ዝም ብያለሁ።

አባባ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ቀስ ብለው፣ የራሳቸው መሆኑን እንደሚያረጋግጡ። ድገመው፣ ይላሉ።

ምኑን አባባ?

መጀመሪያ ያልከውን።

እርስዎ አይደሉም።

ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ በላት። እማማ፣ እሳቸው አይደሉም፣ ይላል። እማማ አንገታቸውን ደፉ። አሁን መስኮቱን ክፈትና ለሰፈሩም በል፣ ይላሉ አባባ፣ ለጎረቤት ሁሉ ነግራብኛለች።

ያየዋል መስኮቱን፣ ከታች መንገዱ ሰው ነው፣ የሚያውቀው ሁሉ ዛሬ የወጣ ይመስላል፣ ሴራሚኩን ያነጠፈለት፣ ደረጃውን የሠራለት፣ ሳቃቸው ከአሁኑ ይሰማዋል፣ ሊከፍተው መዝጊያውን ይስባል፣ ዝጓል፣ በሁለት እጁ ይስባል።