ሦስተኛው አዝራር

ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የምሠራው ከመቀበያው በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ በመሃል አንድ የመስታወት መስኮት አለ። ደንበኞች ከላውንደሪው ባለቤት ጋር ልብስ ሲሰጣጡ በዚያ አያለሁ። እነሱ እኔን አያዩኝም፤ እንፋሎት ውስጥ የቆመችን ሴት ማን ልብ ይላል? ይህን የምለው እዘኑልኝ ለማለት አይደለም። ሰው ሲያዝንልኝ ነገር ዓለሙ ያስጠላኛል።

ቤቴም ያው ነው። መብራቱን የማበራው እኔ፣ የማጠፋውም እኔ። ልጄ ሩቅ ነው የምትኖረው። ስትደውል ደህና ነኝ እላታለሁ፣ እሷም ደህና ነኝ ትለኛለች፤ ሁለታችንም ዋሽተን እንዘጋዋለን። እሁድ ደግሞ አይምጣብኝ። ሥራ የለ፣ ሰው የለ፣ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መዋል ነው።

አንድ አመል አለኝ። የምተኩሰው ልብስ ላይ አዝራር ወድቆ ካገኘሁ ሳልተክል አልለቀውም። ያዘዘኝ የለም። ባለቤቱ ሥራሽ መተኮስ ነው እያለ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ። የእኔ አዝራር ደግሞ እንዲሁ የተለጠፈ እንዳይመስላችሁ። ክሩን ደርቤ እተክለውና ከሥሩ ጠምጥሜ ጠምጥሜ አንገት አበጅለታለሁ። ሸሚዙ ነትቦ ያልቃል እንጂ አዝራሩ አይወልቅም። የሚለብሱት ሰዎች ልብ ይበሉት አይበሉት አላውቅም። ብቻ አዝራር የተከልኩ ቀን ቤቴ ስገባ ዝምታው ትንሽ ይቀለኛል።

ሰዓት ሠሪው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚመጣው። ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን እንደሚኖር የላውንደሪው ባለቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። አንድ ማክሰኞ ያመጣው ሸሚዝ ሦስተኛው አዝራር የለውም ነበር። የሚተክልለት እንኳ አጣ ብዬ አንጀቴን በላው፤ ወዲያው ተከልኩለት። በሳምንቱ ሌላ ሸሚዝ አመጣ፤ እሱም ሦስተኛው አዝራር የለም። ተከልኩ። ከዚያ በኋላማ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። እሁድ እንኳ ነገ ሰኞ፣ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ እያልኩ ሳይከፋኝ ይመሽልኝ ጀመር።

አንድ ቀን የመጀመሪያው ሸሚዝ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው አዝራር ወልቋል፤ እኔው የተከልኩት፣ አንገት ያበጀሁለት። ክው አልኩ። እጄ ከዳኝ ማለት ነው? ዓይኔ ደከመ? ከዚህ እጅ ሌላ ምን አለኝ? ሸሚዙን ወደ መብራቱ አስጠጋሁና ክሩን አየሁት። ያለቀ ክር ጫፉ ይበጣጠሳል፣ ይንጨባረራል። ይሄ ግን ከጨርቁ ጋር እኩል ተቆርጧል፤ ጨርቁ ላይ ጭረት የለም። እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ ዕድሜውን ሙሉ ትንንሽ ነገር ሲነካካ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። በእኔ ላይ ሊቀልድ! ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ ከክፍሌ ወጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት።

"ይሄን በመቀስ የቆረጡት እርስዎ ነዎት?" አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀና ሁለት እጁ መሃል ያሽከረክረው ጀመር።

"አዎ፣ እትዬ። የመጀመሪያው በራሱ ነው የወደቀው። ያን ቀን መነጽሬን ረስቼ ስመለስ በመስታወቱ አየሁሽ። አዝራሩን እየተከልሽ ፈገግ ብለሽ ነበር። እዚህ ስመላለስ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ደስ ይልሽ እንደሆነ ብዬ ነው።"

እኔ ለእሱ ሳዝን፣ ለካ እሱ ለእኔ እያዘነ ነበር። ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ። ባለቤቱ ቆሞ ይሰማል። የማንም ምጽዋት አያስፈልገኝም፣ ሁለተኛ እንዳይለምድዎ አልኩትና ወደ እንፋሎቴ ገባሁ። በሩን ሳላስበው በኃይል ዘጋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ ሲል ከበሩ ወዲያ ሰማሁት።

ሰውየው እንዳልኩት አደረገ። በሳምንቱ ሌላ ሸሚዝ ከነሙሉ አዝራሩ አመጣ። በቀጣዩም እንዲሁ። ወደ መስታወቱ ቀና አይልም፤ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ያላችሁትን በሉኝ፣ አንዴ ቀና እንዲል ብዬ ካውያውን ሆን ብዬ አንኳኩቻለሁ። አላለም። እሁድ ተመልሶ እሁድ ሆነ። የሌሎች ሰዎች አዝራር ወድቆ ሳገኝ እተክላለሁ፤ ግን ምኑም አይጥመኝም። ስንት ዓመት እዚህ ስቆም ልብ ብሎ ያየኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱንም አዋርጄ አባረርኩት። አንድ ቀን ይኸው ሆድ ብሶኝ የሰው ኮሌታ ላይ አለቀስኩ፤ እንደገና መተኮስ ነበረብኝ።

በቅርቡ አንድ ማክሰኞ የመጀመሪያው ሸሚዝ በድጋሚ እጄ ገባ። ያ አዝራር በቦታው ነው፤ እሱ ራሱ መልሶ ተክሎታል። ምስኪን፣ ሰዓት እንጂ አዝራር አያውቅበትም፤ ክሩ ሌላ ቀለም፣ አዝራሩ ጠማማ። ጥሩ አድርጌ ተኮስኩት። ከዚያ መቀሱን አነሳሁና አዝራሩን ቆርጬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ በመስታወቱ አሻግሬ እከታተለው ነበር። ቢቆጣስ? ሳያይ ይዞት ቢሄድስ? ተቀብሎ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ሸሚዙን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ክሩን አየ፤ ሰዓት ውስጥ የሚመለከት ነው የሚመስለው። ተመለሰና ወደ መስታወቱ ቀና አለ። በሌባ ጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

"እትዬ፣ አንድ አዝራር ጎድሏል።"

በሩን ከፈትኩለት።

"ታዲያ ቆመው ያዩኛል? ገብተው ይቀመጡ እንጂ፤ አንገት ማበጀት ጊዜ ይወስዳል።"

የልብስ ቅርጫቱን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ቦታ ለቀቅኩለት። አዝራሩን ከኪሴ ሳወጣ አይቶ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። እኔም የዚያን ቀን ያህል ቀስ ብዬ አዝራር ተክዬ አላውቅም።