«ድሃ ሰው» በዘይት

ቦርጊል የማዕድ ቤቷን መጋረጃ የዘጋችው ለገና ዋዜማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራው ቀን ነው። እሷ በምትኖርበት የሰሜን ሸለቆ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያችው ሰዓት መጋረጃ የሚዘጋ ቤት ወይ ሬሳ አለበት ወይ ነውር።

ሬሳ አልነበረም። ዘይት ነበር።

ሐኪሙ የባሏን የኦድቫርን ልብ አዳምጦ የአሳማ ስብ ከቤት ይውጣ ብሏል። ስለዚህ «ድሃ ሰው» የሚሉትን፣ በስብ የሚጠበሰውን የገና ብስኩት ዘንድሮ በዘይት ጠበሰችው። ስሙ ነው እንጂ ድሃ፣ ዐሥር የእንቁላል አስኳል፣ ክሬምና ኮኛክ ካልቀረበለት የማይነሣ ድሃ ነው። ችግሩ ቦርጊል ራሷ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ «በዘይት የምትጠብስ ሴት መጋረጃዋን ዘግታ ትጥበስ» ስትል ኖራለች።

የመጨረሻዋን ቁራጭ ስታወጣ በሩ ተንኳኳ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የማዶዋ ጎረቤቷ ራግና ናት። መጋረጃው ተዘግቶ ብታይ ኦድቫር የሞተ መስሏት ሻማ ይዛ መጥታለች። ኦድቫር ሶፋው ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘላት። ራግና ትንሽ ቅር ያላት መሰለች፤ እንግዲያው ልሂድ አለች። ቦርጊል እሰይ ብላ በሩን ልትከፍትላት ተጣደፈች።

«ሳትቀምሺ?» አለ ኦድቫር። «ገናችንን ይዘሽብን ልትወጪ?»

ይህ ቃል ከወጣ መመለሻ የለውም። በገና ሰሞን ገብቶ ሳይቀምስ የወጣ ሰው የቤቱን ገና ተሸክሞ ይሄዳል። በቦርጊል እናት ዘመን አንድ ፖስተኛ እንዲሁ ቢወጣ ላሚቱ እስከ ፋሲካ ወተት ነሥታለች። ራግና ሳትቀምስ ብትወጣ ገናው ይሄዳል፤ ብትቀምስ የቦርጊል ስም ይሄዳል። ቦርጊል የኦድቫርን ልብ አሰበችና ሳህኑን አቀረበች።

ራግና ነከሰች፤ አኘከች፤ ቆም አለች። ቦርጊል ዓይኗን ከጠረጴዛው ልብስ አላነሣችም።

«የሄሉ ቅመም ደህና ነው» አለች ራግና። ሁለተኛ አነሣች። ሦስተኛም። በሩ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ብዙም አይጨስም፣ አይደል?»

«ምኑ?»

«ዘይቱ።»

ራግና ከወጣች በኋላ ቦርጊል መጋረጃዋን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። ማዶ፣ ራግና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ የማዕድ ቤቷን መብራት አበራች፤ ከዚያ መጋረጃዋን ከግራም ከቀኝም ስባ ገጠመችው።

«ራግናም ዘጋች» አለች ቦርጊል።

«ማን ሞቶባት?» አለ ኦድቫር። «ብቻዋን አይደለም እንዴ የምትኖረው?»