መቶኛው ዊኬት በማን ስም

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ አበባይሽ ግን የዚያን ዓመቱን ጉድ የሰማችው ገና በሐምሌ፣ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ነጠላዋን ሳታጣጥፍ ነው። የነገሯት እትዬ ሉችያ ናቸው። እትዬ ሉችያ የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተማሩት፣ አሁን በጡረታ ዘመናቸው ሌላው አፍሮ የተወውን ወሬ ያደርሱበታል።

“ሰማሽ ወይ? ያ ሰውዬሽ ቅዳሜ ዴንሃግ ይመጣል አሉ። ከአምስተርዳም ጓደኞቹን በሦስት መኪና ጭኖ። ብርቱካናማ ቲሸርት አሠርቶላቸዋል፤ ጀርባው ላይ ስሙ አለበት።”

“የማን ስም?”

“የራሱ ነዋ። የልጅሽስ ስም ያው አይደል?”

አበባይሽ ደሟ ፈላ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ሐምራዊት ለኔዘርላንድ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ክሪኬት ትጫወታለች። ክሪኬት ለማያውቅ ሰው፣ አንዷ ኳስ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ጠፍጣፋ ዱላ ይዛ ከኋላዋ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ትከላከላለች። ወርዋሪዋ እንጨቶቹን ካፈረሰች ወይም ባለዱላዋን በሌላ መንገድ ከሜዳ ካስወጣች ዊኬት ወሰደች ይባላል። ሐምራዊት ከሩቅ ተንደርድራ የምትወረውር ፈጣን ወርዋሪ ናት። በዓለም አቀፍ ጨዋታ ዘጠና ዘጠኝ ዊኬት ወስዳለች፤ ቅዳሜ ከስኮትላንድ ጋር ስትገጥም መቶኛውን ትወስዳለች ተብሎ ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ የእናት ደስታ በሆነ ነበር፤ ጠላቱ ስሙ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ከኋላ ይከተላል እንጂ ማንንም አይቀድምም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይዘው፣ ልጅቷን ትተው አባትዮውን ይጠራሉ። ሐምራዊት ዊኬት በወሰደች ቁጥር ድምፅ ማጉያው “ማንደፍሮ!” ይላል። ጋዜጣው ማንደፍሮ። ማልያዋ ማንደፍሮ። አንድ ቀን አዝሏት የማያውቀውን ሰው እሷ በጀርባዋ አዝላው ሜዳ ለሜዳ ትዞራለች።

ድንቄም አባት። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ “ሥራ አገኘሁ” ብሎ አምስተርዳም ወጣ፤ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር ቤት ያዘ፣ ሌላ ሚስት ያዘ፣ በዚያው ቀረ። ሐምራዊት ክሪኬት ስትጀምር አበባይሽ ኩራቷን ውጣ ደወለችለት። አንድ ቀን እንኳ መጥተህ እያት አለችው። “ሴት ልጅ በሰው ፊት እየዘለለች ኳስ ስትወረውር ሰው ምን ይላል? እኔን አታዋርዱኝ” ብሎ ዘጋው። እሷ ቭላርዲንገን ውስጥ በታውስዞርግ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ፣ ሽማግሌዎችን ከቤት ቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ከዚያ በዚያ ዝናብ ብስክሌቷን እየነዳች ሄዳ ሜዳ ዳር ትቆማለች። ትምህርት ቤት ስትሄድም፣ ሐኪም ቤት ስትሄድም፣ ስማቸው አይገጥምምና “የልጅቷ ምኗ ነሽ?” ይሏት ነበር። የወለደቻትን፣ ምኗ ነሽ!

እዚያው ደጃፍ ላይ ለልጇ ደወለች።

“ያንን ስም ከጀርባሽ አውርጂው።”

“ማማ፣ ላት ማር” አለች ሐምራዊት። ተይው ማለቷ ነው፤ ነገር ሲመራት ወደ ደችኛው ትሸሻለች።

“አልተውም! የፈለጉትን ስም ማስጻፍ ይቻላል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ሐምራዊት ብለሽ አስጽፊ። መቶኛው በእሱ ስም ከተጠራ እዚያ ሜዳ ዓይኔን አታዪውም፤ ዛሬም፣ ወደፊትም። ነግሬሻለሁ።”

ሐምራዊት “ልምምድ አለኝ” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ታዲያ አልሄድም ያለችው ሴት ከሁሉ ቀድማ ተገኘች። ማታውን ሙሉ አልመጣም ስትል አድራ ጠዋት እትዬ ሉችያን ቀስቅሳ፣ ባቡር ይዘው፣ ከራይስዋይክ ትራም ቀይረው ደረሱ። ልጇ ቃሏን ሰምታ እንደሆነ በዓይኗ ማየት አለባት። ሌላ ምንም አልፈለገችም። የባሕሩ ነፋስ ባንዲራውን ይጎትታል፤ እትዬ ሉችያ ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ሜዳውን የከበበው ገመድ ጥግ ቦታ ያዙ።

ቡድኑ ሲወጣ ሐምራዊት መጨረሻ ላይ ብቅ አለች። ፀጉሯን እያሰረች ዞር ስትል ጀርባዋ ታየ። ማንደፍሮ ይላል፤ በትልቁ።

አበባይሽ ተነስታ ልትሄድ ነበር፤ እትዬ ሉችያ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት። ይባስ ብሎ ያ ሰውዬ ቲሸርቱን በቦርጩ ላይ ወጥሮ ከነጓደኞቹ ደረሰ። በር ላይ የቆሙት አስተናባሪዎች ስሙን ሲሰሙ “ኦ፣ ማንደፍሮ!” ብለው ጨበጡት፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ተጨበጠ። ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሐምራዊት የመጀመሪያውን ዙር፣ ስድስቱን ኳስ፣ ወረወረች። ፈጣን ነበረች፤ ግን ዊኬት አልመጣም። ፈጣን ወርዋሪ ዙሯን ጨርሳ ሌላዋ ስትወረውር፣ ትንፋሽ እንድትሰበስብ ሜዳው ዳር ሄዳ ትቆማለች፤ ሕጋቸው ባይሆንም ልማዳቸው ነው። የዚያን ቀን የቆመችበት ዳር እናቷ የተቀመጠችበት ሆነ። ከገመዱ ወዲያ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ስሙ ፊታቸው ላይ ተገተረ።

ማንደፍሮም ይህን አይቶ ስልኩን ቀስሮ እየቀረጸ ወደ ገመዱ መጣ።

“የኔ አንበሳ! ልጄ! በይ ዛሬ ስማችንን አስጠሪው!”

አበባይሽ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች።

“ስማችን? የማንና የማን ስም? ‘አታዋርዱኝ’ ያልከው አንተ አይደለህም? ዛሬ ውርደትህን ቲሸርት ላይ አትመኸው መጣህ?”

“ያለፈውን ምን ያነሳሳሻል?” አለ፣ ስልኩን ሳያወርድ። “እኔ አልለጠፍኩት። የሚጠሩት ስሜን ነው፤ ታዲያ ጆሮዬን ልድፈን?”

“ድፈን! ሃያ ዓመት ሙሉ ደፍነኸው የለም እንዴ? ስታለቅስ ደፍነኸው፣ ስትታመም ደፍነኸው! ሳትዘራ ልታጭድ መጣህ፣ አንተ ዓይን አውጣ!”

“ንገሪው” አሉ እትዬ ሉችያ፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ።

“ሁለታችሁም ዝም በሉ” አለች ሐምራዊት።

አልዞረችም። ዓይኗ ኳሷ ላይ ነው፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን እናቷ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የራሷ የቁጣ ድምፅ ነው።

“ሥራ ላይ ነኝ። አንተ፣ ስማችን ትላለህ? እዚህ ሜዳ ማንደፍሮ ሲባል አንተን የሚያስብ አንድ ሰው የለም። ማንደፍሮ እኔ ነኝ። ስትሄድ ጥለኸው የሄድከው ነገር ነው፤ እኔ አነሳሁት፣ ሠራሁበት። አሁን አምሮ ስታየው የኔ ነው አትበለኝ።”

“አባትሽ ነኝ እኮ” አለ።

“አውቃለሁ።”

ኳሷ ወደ እነሱ በኩል ተመታች። ሐምራዊት ሮጣ አነሳቻት፣ ወርውራ መለሰቻት፣ ተመልሳ እዚያው ቦታ ቆመች። ማንደፍሮ ስልኩን አወረደ።

“አንቺም ማማ” አለች። “አውርጂው፣ አውርጂው ትይኛለሽ። ዘጠና ዘጠኙን የወሰድኩት በዚህ ስም ነው። ካወረድኩት ለማን ልተወው? ለእሱ? ሁሉን ይዞት ይሂድ?”

አበባይሽ ንዴቱ አልበረደላትም። እንዲያውም ባሰባት፤ ግን አሁን በማን ላይ እንደምትነድ ግራ ገባት። በዚህ ስም የተነሳ ስንት ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ እየተነሳ ሲጮህ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣለች። የልጇን ዊኬቶች አንዳቸውንም እንደ እናት እልል ብላ አልተቀበለችም። ያ ሰውዬ ቤቷን ትቶ መሄዱ ሳያንስ ይህንንም ነጥቋታል፤ ያስነጠቀችው ደግሞ ራሷ ናት። ይህ ሲገባት ልታለቅስ ነበር፤ እሱ ፊት አላለቅስም ብላ ዋጠችው።

የቡድኑ አምበል ከመሀል ሜዳ እጇን አውለበለበች። ሐምራዊት ወደ ውስጥ ሮጠች፣ ኳሷን ተቀበለች፣ ወደ ኋላ ርቃ ሄዳ ዞረች። ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ ተንደረደረች። ኳሷ መሬት ነክታ ወደ ውስጥ ታጠፈች፤ ስኮትላንዳዊቷ ዱላዋን አዘገየች፣ መሀለኛው እንጨት ከሥሩ ተነቅሎ ተፈነገለ።

ሰው ሁሉ ተነሳ። አበባይሽ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ ከሆዷ የወጣው ድምፅ እትዬ ሉችያን ቆሏቸውን አስደፋቸው።

“ማንደፍሮ!”

ሰውዬው ያንን ስም ከዚያች አፍ ከሰማ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሳያስበው ዞረ።

“አቤት” አለ።

“አንተን አይደለም” አለችው፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል።