የሚጣ ስልክ

ሚጣ ኃላፊ ሆነች! እታለም አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ፊደል እያስቆጠረች ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ የሽያጭ ኃላፊ ተባለች። እታለም ራሷ ግን በዚያው የውኃ ፓምፕ አስመጪ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ኮምፒውተር ስትጠግን ኖራ ያው ቴክኒሻን ናት። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲላት ጥርሷ እየሳቀ ሆዷ አረረ።

ይባስ ብሎ የሠራተኛውን ሁሉ የኢሜይል ፊርማ አንድ ዓይነት እንድታደርግ ታዘዘች። ከመልእክቱ ግርጌ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ስልክ ቁጥር። አድካሚ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተስተካከለው ወደ ስልኩ አይሻገርም፣ እያንዳንዱን እየከፈቱ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። የሾፌሮቹ አስተባባሪ ሦስት ስልክ ሲደረድርላት እንኳ ሳትነጫነጭ ሠራችለት።

በሚጣ ኮምፒውተር ላይ «የሽያጭ ኃላፊ» ብላ የጻፈችው ሳትወድ በግድ ነው። የሚጣን ስልክ ስትከፍት ግን «ረዳት የሽያጭ ሠራተኛ» የሚለው እንዳለ አለ። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አላት። ሳትነካው «ጨርሻለሁ» ብላ መለሰችላት።

በሳምንቱ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ለቀቀ። ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው፤ ሳትውል ሳታድር አመለከተች። ዋናው መሥሪያ ቤት እስከ ዓርብ የአንድ ኃላፊ ድጋፍ በኢሜይል ይላክ አለ። ሌሎቹ ኃላፊዎች ድጋፋቸውን ለየራሳቸው ሰው ሰጥተው ጨርሰዋል። ሚጣን መለመን? ሞቷ ነው!

ሰኞ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሚጣ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እታለም፣ ሐሙስ ደንበኛ ጋ ስሄድ ከመንገድ ላይ ድጋፍ ጽፌልሽ ነበር እኮ! ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ከሷ የሚሻል የለም ብዬ። ‹ረዳት ሠራተኛ ድጋፍ መስጠት አይችልም› ብለው ጣሉት። ለካ ስልኬ ላይ ያለው የድሮው ፊርማ ነው!»

እታለም ስልኩን ተቀብላ አየችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከመላኬ በፊት ማየት ነበረብኝ» አለች ሚጣ። «አንቺማ ያን ሁሉ ሰው ስልክ ስትነካኪ ከርመሽ፣ የኔን ብትረሺው ማን ይፈርድብሻል? ረስተሽው ነው፣ አይደል?»

«አዎ» ብትል ያበቃ ነበር።

«አልረሳሁትም፣ ሚጣ» አለች። «አይቼ ነው የተውኩት።»