አሸዋው የጠጣው ወረፋ

ጎሊቻ ስህተቱን ያወቀው የኢዋሶን ወንዝ በእግሩ ተሻግሮ ጫማው ሳይረጥብ ማዶ በደረሰ ጊዜ ነው።

ስህተቱ የራሱ ነበር። ቦረና በጉድጓድ ያደገ ሕዝብ ነው። ጉድጓድ ላይ የወረፋ አባት ይሾማል፤ ዛሬ የማን ከብት እንደሚጠጣ፣ ነገ የማን እንደሚከተል እሱ ይናገራል፤ የተናገረውንም ማንም አያጥፍም። ጎሊቻ ወንዙ ዳር ወዳለችው ወደ መርቲ ከመውረዱ በፊት ለብዙ ዘመን የወረፋ አባት ነበር። ስለዚህ ከላይ፣ ከተራራው ሥር፣ ጎመንና ፎሶሊያ የሚያመርቱት የሜሩ ብሔር ገበሬዎች ጠርተውት፣ "በሳምንት ሁለት ቀን ወንዙን የምንስብበትን ፓምፕ እናጠፋለን፤ በነዚያ ቀኖች ወንዙ የእናንተ ነው" ሲሉት፣ ደስ ብሎት የሊቀመንበራቸውን እጅ ጨበጠ። ጉድጓድ ላይ ሁለት ቀን ትልቅ ነገር ነው። በሁለት ቀን ስንት መንጋ ይጠጣል!

ነገር ግን ጉድጓድ ባለበት ይቆማል፤ ወንዝ መንገደኛ ነው። ከተራራው እስከ መርቲ ያለው አሸዋ ደርቆ ሰንብቷል። የተለቀቀው ውሃ ሲመጣ ሲመጣ፣ አሸዋው ከሥር ይስበዋል፣ ፀሐይ ከላይ ትወስደዋለች። በሦስተኛው ቀን ፓምፑ ሲነሳ ከኋላ የሚገፋው ውሃ ይቋረጣል፤ ፊተኛው የደረሰበት ቦታ ላይ ሰምጦ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት አሸዋው እንደገና ደርቆ ይጠብቀዋል።

"ያመጣኸው ሁለት ቀን የት አለ?" አለችው ሚስቱ ታላሶ። አንዲት ላም ከተኛችበት ለማንሳት እሷ ከቀንዷ፣ እሱ ከጅራቷ ይዘው እየታገሉ ነበር።

"አሸዋው ጠጣው።"

"እሰይ! እንግዲህ አሸዋውን እለበው።"

ጎረምሶቹ ሄደን ፓምፑን እንሰብራለን ብለው ተነሱ። ጎሊቻ ከለከላቸው። "እጅ ጨብጫለሁ። ፓምፕ የሚሰብር ሰው ወረፋ የለውም" አላቸው። "ታዲያ ላሞቹ እስኪያልቁ ቃልህን ጠብቅ!" ብለው ሰደቡት። ማታውን ሙሉ የጨበጠበት እጁ ያሳከከው ይመስል ሲያሸው ቆየ። ጠዋት ከብት በሚጭነው መኪና ተሳፍሮ ወደ ላይ ወጣ።

ሲደርስ የቦረና ወረፋ ሊያልቅ አንድ ጀንበር ብቻ ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሙትዊሪ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ፓምፑን ሊያስነሳ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ውሃ መሳቢያው ቧንቧ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ተቀምጦ አገኘ። ዱላውን ፓምፑ ላይ አጋድሞታል። በቦረና የወረፋ አባት ዱላውን ገንዳ ላይ ካጋደመ ማንም አልፎ አይጠጣም።

"አባባ፣ ይነሱ እንጂ፤ ቧንቧ ወንበር ነው እንዴ?"

"ወረፋችን አላለቀም።"

"ትናንት አለቀ። ሁለት ቀን ነው የተባባልነው። እጄን የጨበጡኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። እኛ ዘንድ ግን ወረፋ የሚያልቀው ከብቱ ጠጥቶ አፉን ከገንዳው ሲያነሳ ነው። የኛ ከብት ገና አፉን አላስነካም።"

"የታለ ከብቱ?"

"መርቲ ነው። ውሃውን እየጠበቀ።"

የተሰበሰቡት ገበሬዎች በሳቅ ፈረሱ። "መርቲ የተኛች ላም እዚህ ወረፋ ያዘች!" አለ አንዱ። ሌላው ጎልማሳ ሳቁን ሳይጨርስ ዱላውን አንስቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። ዱላው ዞር ዞር አለና ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ሄደ።

በጎሊቻ አገር ቢሆን ይህ ሰው በሬ አርዶም አይታረቅም ነበር። እዚህ ግን ዱላው እንጨት ነው፤ እሱም አንድ ሽማግሌ ነው። ቧንቧውን በሁለት እግሩ አጥብቆ ያዘ።

"ጥሩ አደረግህ" አለው። "እሱ እንኳ ቀድሞ ይድረስ።"

"ጎትታችሁ አውጡት!" አለ ጎልማሳው።

"እስቲ ሞክር" አለ ሙትዊሪ፣ ጫቱን ተፍቶ። "ሽማግሌያቸውን ጎተትን ማለት ከብቱ ራሱ ጎመናችን ውስጥ ይመጣል ማለት ነው። ያለፈውን ድርቅ ረሳኸው?"

ያን ጊዜ ካቱሬ የምትባል፣ ለብቻዋ የምታርስ ሴት ሰዎቹን ገፍታ መጣች። "እኔስ?" አለችው። "ፎሶሊያዬ አበባ ይዟል። ውሃ ካጣ ይረግፋል። ነፍስ ያለው ያንተ ላም ብቻ ነው?"

ጎሊቻ እጇን አየ፤ እንደ ታላሶ እጅ የተሰነጣጠቀ ነበር። አይረግፍም ሊላት አልቻለም።

"ሊረግፍ ይችላል" አላት። "ያንቺ ግን ጠጥቶ ነው ያበበው። የኔ ሳይጠጣ ነው የሚሞተው። አልነሳም።"

ሴትዮዋ ተሳድባ ሄደች። ከቀትር በኋላ ግን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ በሳህን ይዛ ተመለሰች፤ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ዱብ አደረገችው።

"ብላ! ፎሶሊያዬን ገድለህ ደግሞ እዚሁ በረሃብ ሞተህ እንዳታሳስረኝ።"

እየበላ ነገራት፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ አሸዋው፣ እሱ ራሱ እንዴት እንደተሞኘ። "በሳምንት ሁለት ቀን አልፈልግም" አላት። "የወሩን ድርሻችንን አንድ ላይ፣ ሳይቆራረጥ ስጡን። ያው ያላችሁት ውሃ ነው፣ ጠብታ አልጨመርኩም። አሸዋው ግን አንድ ጊዜ ይጠጣና ይበቃዋል። በየሳምንቱ እሱን ማጠጣት ሰልችቶኛል።"

ካቱሬ ውሃውን አየች። ከዚያ ድንገት ብድግ አለች።

"ሙትዊሪ!" ብላ ጮኸች፤ ሰዉ ሁሉ ዞረ። "ያንተ ኩሬ በክረምቱ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ አይደለም እንዴ? ታዲያ በበጋ ከኔ ጋር ወንዙን የምትሻማው ለምንድን ነው?"

"እሱ መጠባበቂያ ነው።"

"የማን መጠባበቂያ? የዳክዬ? ኩሬ ያለው ሁሉ ከኩሬው ይጠጣ። ኩሬ ለሌለን ከናንተ በባልዲም ቢሆን ይሰጠን። ያኔ ፓምፑ አንድ ሳምንትም ይጥፋ፣ ፎሶሊያዬ ይችላል።"

"አንቺ ከማን ወገን ነሽ?"

"ከፎሶሊያዬ!" አለችና ሄዳ ቧንቧው ላይ ከጎሊቻ ጎን ተቀመጠች። ኩሬ የሌላቸው ሌሎች ሁለት ገበሬዎችም እየተሳሳቁ መጥተው ተቀመጡ። ሙትዊሪ የፓምፑን ማስነሻ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ፖሊስ ተጠራ። መጥቶ ሻይ ጠጣና፣ "የሽማግሌ መቀመጫ የሚከለክል ሕግ አላውቅም" ብሎ ተመለሰ። ሙትዊሪ በማግስቱ ፊቱን እንዳኮሳተረ ኩሬ ለሌላቸው የኩሬውን መዝጊያ ከፈተላቸው። ከዚያ እጁን ለጎሊቻ ዘረጋ። "ይሁን፤ በወር አንዴ፣ ሳይቆራረጥ። ይጨብጡኝና ይነሱ።"

ጎሊቻ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። "ባለፈው ቸኩዬ ጨብጬ ነው ከብቴን ያስፈጀሁት። ውሃው መርቲ ይድረስና ያኔ እጨብጥሃለሁ።"

ቀኑ ሄደ። ካቱሬ ንፍሮዋንም ስድቧንም አላቋረጠችም። ጎሊቻ የትከሻ ልብሱን ተከናንቦ እዚያው ያድራል፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፈጥኖ ያነሳል። ታላሶ ደውላ አሸዋው በእርጥበት ጨለም ብሏል አለችው። ሌላ ጊዜ ደውላ የለም፣ ደረቅ ነው አለችው፤ የሁለት ላሞች ስም ጠርታም ሞቱ አለችው። ያን ቀን ንፍሮውን አልበላም፤ ካቱሬም አልተሳደበችም።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ታላሶ ደወለች፦

"አንተ ሰውዬ! መጣ! አረፋና ቅጠል እየገፋ መጣ!" ከድምጿ በላይ የሰው እልልታና የከብት ጩኸት ይሰማል።

ጎሊቻ ሌላውን ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። "ጠጡ?"

"እየጠጡ ነው! እንዴት ነው የሚጠጡት ብትል!"

ሙትዊሪ ከፓምፑ አጠገብ ሆኖ ሰምቷል። "ደረሰ አይደል?" አለና ቀረብ አለ።

"ደረሰ" አለ ጎሊቻ። ስልኩን ብብቱ ውስጥ ከተተና የሙትዊሪን እጅ እስኪያመው ድረስ ጨበጠው። ከቧንቧው ላይ ግን አልተነሳም።

"አባባ፣ ጨበጥን እኮ!"

"ጨበጥን" አለው። "ከብቱ እየጠጣ ነው። ሲጨርስ እነሳለሁ።"