ሽፍታ ወጣባት

የጣሊያንን ቋንቋ የለመድኩት ምጽዋ ድረስ ቆዳ ወስጄ ጨው እያመጣሁ ስነግድ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚሄድ ጎረቤት ሁሉ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዞ ይሄዳል። ነገር በማሳጠሬ እኮራ ነበር። ሆድ ቁርጠት የያዘው ሰው ከአያቱ ጀምሮ ይተርካል፤ እኔ በሦስት ቃል እጨርስለታለሁ። ዛሬ ያ ኩራቴ ያንገሸግሸኛል።

ሥራነሽ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር። ባሏ እንዳላማው ዱር ቤቴ ካለ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ፣ ጉንደ ወይን ለንግድ ሄዷል ትላለች። ቤት የቀረችላት አንድ ልጇ የብርጓል ነበረች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሳቂታ፣ ተተናኳይ። «ጋሼ አብዱልቃኒ፣ ጨውህ አሸዋ አለው» እያለች ገበያተኛ ፊት ታሳፍረኝ ነበር። እወዳት ነበር።

በኅዳር አጨዳ ላይ ማጭድ እግሯን ሰነጠቃት። ቁስሉ ውስጥ አፈርና ፍግ ገብቷል። መንጋጋ ቆልፍ ስንቱን እንደወሰደ በአገራችን የማያውቅ የለም። ሥራነሽ ከጣሊያን እጅ መድኃኒት አልፈልግም ብላ ስታንገራግር ወትውቼ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒት ወዳጅና ጠላት አይለይም አልኳት።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። ቁስሉን አጠበ። ከመንጋጋ ቆልፍ የሚያድነውን መርፌ እያዘጋጀ፣ ልጅቱ ይህን መርፌ ከዚህ በፊት ተወግታ ታውቅ እንደሆነ፣ ከተወጋችም በኋላ ያመማት ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለሥራነሽ ነገርኳት። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆሟል።

ሥራነሽ እንደ ልማዷ ከሥሩ ጀመረች። «አምና ደምበጫ እህቴ ዘንድ ሳለች ሚስማር ረግጣ፣ እዚያ ያለው የነሱው ሐኪም መርፌ ሰጥቷት ነበር። በሳምንቱ ግን ሽፍታ ወጣባትና...»

ዘበኛው ዞሮ አየን። ሐኪሙም «ሺፍታ?» አለ። አማርኛ ባይችልም ያቺን ቃል የማያውቅ ጣሊያን የለም፤ ዱር የገባውን ሁሉ የሚጠሩት በእሷ ነው። በዚያ ዓመት ሽፍታ ሲባል ቆዳ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ለእኔም የታየኝ የደምበጫ መንገድና ጫካው፣ ከዚያም እንዳላማው ነው። ሴትዮዋ ባሏን በአፏ ልታስይዘው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እግሯን ረገጥኩና «በቃሽ እታለም፣ አሳጥሪው» አልኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ለሐኪሙ፣ አንዴ ተወግታለች፣ ምንም አልሆነችም፣ እናቲቱ ሽፍታ ያለችው የመንገድ ወንበዴ ፈርታ ነው አልኩት። ፈገግ አለና ወጋት።

የብርጓል ገና ከአልጋው ጫፍ ሳትነሳ መዳፏን ታክ ጀመር። ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷና ክንዷ በእባጭ ተሸፈነ። «ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ» አለች። ያለችው ለእናቷ አይደለም፤ ለሐኪሙ እንድነግርላት ለእኔ ነው። ነገርኩላት። ሐኪሙ ሌላ መርፌ ይዞ ሮጠ፣ ደረቷን ተጫነ፣ በቋንቋው ማርያምን ተጣራ። ቆሎ ተቆልቶ እስኪወጣ ያህል እንኳ አልቆየችም።

ሥራነሽ የልጇን ክንድ ይዛ እባጩን ትዳብሳለች። «ይኸው ሽፍታው» አለች። «ይኸው እኮ፣ የአምናው።»

ያንን ለሐኪሙ ስተረጉምለት ወንበር ላይ ዘጭ አለ። መድኃኒቱ ከፈረስ ደም እንደሚወጣ፣ አንዳንድ ሰውነት አንዴ ከቀመሰው በኋላ እንደ ጠላት እንደሚቆጥረው፣ ሌላውን የሚያድነው መርፌ እሱን በሁለተኛው እንደሚገድለው አስረዳኝ። ያ ቆዳዋ ላይ የወጣባት ነገር ማስጠንቀቂያው ነበር። ለዚህ ነበር የጠየቅሁህ አለኝ። ይህንን ግን ለሥራነሽ አልተረጎምኩላትም።

በአርባዋ ማግስት ሥራነሽ ደጄ መጣች። እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛለች። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ታውቃለች፤ በእጄ እንዳርዳት ብላ ከነነፍሷ ነው ያመጣቻት። ከተዝካሩ ድርሻህ ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንተ ባትኖር ልጄ በጣሊያን እጅ የሚናገርላት አጥታ ትሞትብኝ ነበር» አለች።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ሽፍታ ስትል ባሏ እንደመሰለኝ፣ እግሯን ለምን እንደረገጥኩ፣ ሐኪሙ ኋላ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። ይህን አንዱንም አላሳጠርኩም።

እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ። ትረግመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትረግመኝ በወደድኩ። ዶሮዋን ቀስ ብላ እግሬ ሥር አስቀመጠቻት።

«እኔ እኮ እየነገርኩህ ነበር» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።